ነጣቂው ላይ የታሰረች ጀልባ

ሌቪ ቲዛርድ በጁክስ ወሽመጥ ኑሮውን የጀመረው መልሕቅ በማጣት ነው።

አጎቱ ሲሞት ጎጆና ጀልባ ተወለት፤ እሱም ያንን ሊረከብ ከአሸዋማው ጠረፍ ከአባቱ መንደር ገና መምጣቱ ነበር። ጠዋት ከወሽመጡ አፍ ላይ መልሕቁን ጥሎ ዓሣ ሲያጠምድ አረፈደ። ሊመለስ ሲል መልሕቁ አልነሣ አለ። ሳበ፣ በሌላ በኩል ዞሮ ሳበ፣ እየተሳደበም ሳበ። በመጨረሻ ገመዱ ከመልሕቁ ቀለበት ላይ ተመንግሎ ባዶውን ወጣ።

ኬዚያ ፓርዲ ከአባቷ የዓሣ ማራገፊያ መድረክ ላይ ቆማ ይህንን ሁሉ አየች። የኮድ ዓሣ የምንሰነጥቅበት ጠረጴዛ እዚያ ነው፤ እኔም ከሴቶቹ ጋር ነበርኩ። ልጁ ጀልባውን ሲያስጠጋ ኬዚያ ቢላዋዋን አስቀመጠችና ተጣራች።

«ወንድም! ባሕሩን ቁርስ አበላኸው?»

«ምን?»

«መልሕቅህን ነዋ! እዚህ የባሕሩ ወለል ጥርስ አለው። እናንተ አሸዋ ላይ ያደጋችሁ ሰዎች ዝም ብላችሁ መወርወር ነው የምታውቁት።»

«አሸዋ ላይ ማደግ ነውር ነው እንዴ?»

«ነውርስ አይደለም። መልሕቅ ያስጨርሳል እንጂ።»

ሴቶቹ ሳቁ። እሱም ሳቀ፤ ሲስቅ ጆሮው ድረስ ይቀላል። ኬዚያ ይህን አይታ ቶሎ ፊቷን አዞረችና ከግድግዳው ሥር የአባቷን መልሕቅ ጎትታ አመጣች።

«እይ። እኛ ገመዱን ከቀለበቱ ላይ አናስረውም። ከታች ከእግሩ ላይ እናስረውና በግንዱ በኩል ወደ ላይ አምጥተን፣ እዚህ ቀለበቱ ጋ ሲደርስ በቀጭን የጥጥ ሲባጎ ብቻ እናያይዘዋለን። በደህና ቀን ሲባጎው ይይዛል። መልሕቁ አለት ውስጥ ከተነከሰብህ ደግሞ ጀልባህን ወደ ፊት ነድተህ በኃይል ትስበዋለህ፤ ሲባጎው ይበጠሳል፣ መልሕቁም በእግሩ ተጎትቶ ተገልብጦ ይወጣል።»

«ሲባጎው ታዲያ ምን ያህል መጥበቅ አለበት?»

«ጀልባዋን የሚይዝ፣ አንተን የማይዝ።»

ሌቪ ጣቶቿን አየ። ሲባጎው በጣቶቿ መሐል ሲሽከረከር ዓይኑ አብሮ ይሽከረከር ነበር።

«እጅሽ ቀልጣፋ ነው» አላት። «የኔን አንቺ እሰሪልኝ።»

ጠረጴዛው ዙሪያ ያለን ሁላችን ቢላዋችንን አስቀመጥን።

በጁክስ ወሽመጥ የወንድ ልጅን ሲባጎ እናቱ ታስርለታለች። አንድ ቀን ሌላ ልጃገረድ ካሰረችለት ግን ታጭታለታለች ማለት ነው፤ ቄሱና ቀለበቱ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ወንዱ ያንን ቃል በዕድሜው አንድ ጊዜ ነው የሚናገረው፤ ብዙውን ጊዜ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ። ይህ ልጅ የዓሣ ዝልግልግ እስከ ክርኑ ተቀብቶ፣ ስሟን እንኳ ሳይጠይቅ አለው።

«አፍ ያለው ያግባሽ ነው የሚባለው» አለች አክስት ፕሩደንስ። «ይኸው፣ አፍ ያለው መጣልሽ ልጄ!»

«ምን እንዳልክ ታውቃለህ?» አለችው ኬዚያ፣ ፊቷ ፍም መስሎ።

«መልሕቅ እሰሪልኝ ነው ያልኩት።»

እኛ በሳቅ ሞትን። ያልሳቀች አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ የኬዚያ እናት ሰሊና። የያዘችውን ዓሣ ሳትሰነጥቅ አስቀመጠችና እጇን ሳትታጠብ ወደ ቤቷ ገባች።

በማግስቱ ሌቪ እዚያው መድረክ ላይ መጣ። ነገሩን ሰው ነግሮት ሌሊቱን እንዳልተኛ ከዓይኑ ያስታውቃል።

«ትናንት ያልኩትን… አላወቅሁም ነበር።»

«እና ቃልህን ልታነሣ መጣህ?»

ኮፍያውን በእጁ ሲያዞር ቆየ። ባሕሩን አየ፣ ጫማውን አየ፣ በመጨረሻ እሷን አየ።

«እያሰብኩበት ነው» አለ።

ያንን በጋ ሙሉ አሰበበት። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ከኋላዋ ይሄዳል፤ ቀይ ፍሬ ለቀማ ኮረብታ ስንወጣ የእሱ ባልዲ ሁልጊዜ ባዶ ይሆናል፤ የሱ ፍሬ የት እንደሚገባ የኬዚያን ባልዲ ያየ ያውቃል። ብዙ አያወሩም። ነገር በዓይን ይገባል እንዲሉ፣ አንዳንዴ በዳንስ አዳራሹ በወዲህና በወዲያ ጥግ ቆመው ሲተያዩ፣ አኮርዲዮን የሚጫወተው ሰው እንኳ አፍሮ ዓይኑን ይጨፍናል።

ግን በፓርዲዎች ቤት ላይ ጥላ ነበር። የኬዚያ ታላቅ ወንድም ኤላይ ከጥቂት ዓመታት በፊት ብርድ ሊገባ ሲል ነጣቂው ላይ ቀርቷል። ነጣቂው ከወሽመጡ ውጪ በባሕሩ ሥር ያለ አለት ነው። ዓሣው ሲርቅ እዚያ ይሰበሰባል፤ ሰውም ተከትሎት ይሄዳል። በሌላ ቦታ መልሕቅ የጣለ ሰው የጥልቀቱን ሰባት እጥፍ ገመድ ይለቅና ጀልባው ከማዕበሉ ጋር እንደ ልቧ ትነሣለች፣ ትወርዳለች። ነጣቂው ላይ ያ አይሆንም፤ ዙሪያው ሹል አለት ስለሆነ ረጅም ገመድ የለቀቀ ጀልባውን ከአለቱ ጋር ያላትማል። ስለዚህ በአጭር ገመድ ይታሰራል፤ ባሕሩ ማበጥ ሲጀምር ደግሞ ሲባጎውን በጥሶ ወዲያው ይሸሻል። እዚያ ዕድሜህ ያለው ሲባጎው ላይ ነው።

የኤላይን ሲባጎ ያሰረችው እናቱ ሰሊና ነበረች። ያለጊዜው ተበጠሰ፣ መልሕቁ ለቀቀ፣ ባሕሩም ከአለቱ ጋር አላተመው ተባለ። ሬሳው አልተገኘም። ሰሊናን ማንም በአፉ አልወቀሳትም፤ እኛ መንደር ሰው በአፉ አይወቅስም፣ ዝም ብሎ ዳቦ ይዞ ይመጣል እንጂ። ያ ሁሉ ዳቦ አላሳቃትም።

ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ሌቪ አዲስ ሸሚዝ ገዛ። አባትየው ኦባዲያ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ መረብ ሲጠግን አገኘው።

«ጋሼ ኦባዲያ፣ ኬዚያ መልሕቄን እንድታስርልኝ ፈቃድዎን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

ሽማግሌው ቀና አላለም።

«ሻይ ጠጣ» አለው።

ሌቪ ጠጣ። በጓዳው በር ኬዚያ ቆማለች። በመስኮቱ በኩል እናትየው ጀርባዋን ሰጥታ ባሕሩን ታያለች። ሰዓቱ ግድግዳው ላይ ይመታል። ሲኒው ባዶ ሲሆን ኦባዲያ መረቡን አስቀመጠ።

«ክፉ ልጅ አይደለህም» አለ። «ግን ከዚህ ቤት ሴት እጅ የወጣ ሲባጎ ከእንግዲህ ውሃ አይነካም። አሁን ሂድ ልጄ።»

ሌቪ ከወጣ በኋላ ኬዚያ አባቷ ፊት ቆመች።

«አባዬ፣ ምን አድርጎህ ነው?»

«ምንም። እንዲያውም እወደዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«እናትሽን እያት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ኤላይ ከቀረ ወዲህ ስትስቅ ሰምተሻል? ባሕሩ አንድ ቀን ያንን ልጅ ይወስደዋል። የማን ሲባጎ ነበር ሲባል ያንቺ ይሆናል። አንቺም በተራሽ እንደሷ መስኮት ላይ ተተክለሽ ስትቀሪ እንዳላይ ነው።»

የፈሩት ይደርሳል፤ ኦባዲያ ይህን ተረት ያውቀዋል፣ ግን ሰው የፈራውን ነገር እጁን ይዞ ወደ ቤቱ እንደሚያስገባው አላወቀም።

ኬዚያ ብዙም አልታገሠችም። ዓሣው ከባሕሩ ዳር ርቆ ወደ ነጣቂው መሄድ ጀምሯል፤ ሌቪም ሲባጎውን ራሱ እያሰረ ወደዚያው መውጣቱ አይቀርም። እኛ ዘንድ ሲባጎውን ራሱ ያሰረ ሰው የሚጠብቀው የለም ይባላል። ይህ አባባል ልቧን በላው። አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ለማንም ሳትናገር ወደ ሌቪ የዓሣ ቤት ሄደች። በኋላ እንደነገረችኝ፣ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው ልቧ ከእሱ በላይ ይደበድብ ነበር።

«አባትሽስ?» አላት ሌቪ።

«መልሕቁን አምጣው።»

ከኪሷ ነጭ ሲባጎ አወጣች። ናይለን ወደ ነጋዴው ሱቅ ገና የመጣበት ዓመት ነበር፤ አይበሰብስም፣ አይበጠስም እየተባለ ሁሉም ለመረብ ይገዛዋል። ለመልሕቅ ያሰበው ግን አልነበረም። ኬዚያ አሰበችው። ወንድሜን የገደለው ጥጥ ነው ብላ ነበር የምታምነው።

አንድ ዙር፣ ሌላ ዙር፣ በላዩ ደግሞ ሌላ። ጫፉን በጥርሷ ነክሳ አጠበቀችው።

«አልበዛም?» አለ ሌቪ።

«ዝም በል።»

«ጀልባዋን የሚይዝ፣ አንተን የማይዝ ብለሽኝ አልነበር?»

«ይሄ ሁለታችሁንም ይይዛል» አለችው፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። «አንተን ባሕሩ ከኔ አይወስድህም። ሰማኸኝ?»

ሌቪ ብዙ አያት። ሲባጎው ያደማውን ጣቷን ወደ ከንፈሩ አስጠጋ።

«ቢነከስስ?» አለ በመጨረሻ። «አልበጠስ ካለኝ ገመዱን ልቁረጠው?»

ፊቷ ተለዋወጠ።

«እንዳታደርገው! እዚህ አገር ገመዱን የሚቆርጥ ሰው ያሰረችለትን ሴት ነው የሚቆርጣት። ቆርጠህ ብትመጣ ማንም የኔ ነህ ብሎ አይቆጥርህም።»

«እንግዲያው አልቆርጠውም» አለ ሌቪ። «ምዬልሻለሁ።»

እግዜር ያንን መሐላ ባይሰማው ምን ነበረበት!

ቅዳሜ ጠዋት ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ነበር። ነፋስ የለ፣ ሞገድ የለ። ወንዶቹ ሁሉ ወጡ፤ ሌቪም ብቻውን ወደ ነጣቂው ሄደ። እኛ ሴቶች ኮረብታው ላይ ባለው ርብራብ የጨው ዓሣ እያሰጣን ነበር። ሰዓቱ ወደ እኩለ ቀን ሲጠጋ አክስት ፕሩደንስ እጇን አነሣችና «ዝም በሉ!» አለች።

ዝም አልን። በምሥራቅ ወደ ባሕሩ ከገባው የመሬት አፍንጫ በኩል ድምፅ ይሰማል፤ ወፍራም፣ ዘገምተኛ ጉርምርምታ። ነፋስ ሳይኖር ባሕሩ በዚያ በኩል ካጉረመረመ፣ የማናየው ማዕበል ከሩቅ እየመጣ ነው ማለት ነው። እናቶቻችን ይህን ድምፅ ሲሰሙ ልጆቻቸውን መቁጠር ይጀምሩ ነበር። የባሕር ወፎቹም በጭንቅላታችን ላይ አልፈው ወደ የብስ ሸሹ።

ጀልባዎቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። የሌቪ አልተመለሰችም።

ከኮረብታው ላይ ነጣቂው ያለበት ቦታ ይታያል። ጀልባዋ እዚያው ቁጭ ብላለች። ኬዚያ ርብራቡን ጥላ ወደ ገደሉ ጫፍ ሮጠች፤ እኔም ተከተልኳት። ባሕሩ አልተናደደም፣ አልጮኸም፤ ዝም ብሎ ማበጥ ብቻ ጀምሯል፤ እንደ ተኛ እንስሳ ጎን ይነሣል፣ ይወርዳል። ጀልባዋ በገመዷ ዙሪያ ወዲህና ወዲያ ስትል ትታያለች። ሌቪ እየሳበ ነው። መልሕቁ ተነክሷል፤ ሲባጎው አልበጠስ ብሏል።

ሰሊና መቼ እንደመጣች አላየናትም። ከልጇ አጠገብ ቆማ ነበር።

«በምን አሰርሽለት?»

ኬዚያ እናቷን አየቻት። መዋሸት አልቻለችም።

«በናይለን።»

ሰሊና የልጇን ክንድ ጨብጣ ያዘች፤ እንዳትወድቅ ይመስለኛል።

«የኤላይ ሲባጎ አልተበጠሰም» አለች። ያንን ያህል ዓመት ያልተነገረ ነገር ሲነገር እንዲህ በቀስታ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። «ሁሉም ተበጠሰ ይላል። ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ አውቃለሁ። ከመርከብ ገመድ ላይ ክር መዝዤ፣ በቅባት አርሼ፣ ደራርቤ ነው ያሰርኩት። ልጄን ባሕሩ እንዳይወስድብኝ ብዬ። ያንን እንኳን ሰው፣ መርከብም አይበጥሰውም ነበር።»

«አውቃለሁ፣ ሰሊና» አለ አንድ ድምፅ ከኋላችን።

ኦባዲያ ነበር። ከጀልባው ወርዶ ኮረብታውን ሲወጣ ትንፋሹ አጥሮታል።

«ጀልባዋን ያገኘኋት እኔ ነኝ። እንደታሰረች ነበረች፣ አፍንጫዋ ውሃ ውስጥ ተደፍቶ። ገመዱን ቆርጬ ጀልባዋን ሰባበርኳትና ተበጠሰ ብዬ አወራሁ። አንቺ እንዳታውቂ ብዬ።»

«ቢላዋውስ?»

ሽማግሌው ወደ ነጣቂው ዞረ።

«መቀመጫው ላይ እንደተሰካ ነበር። አልነካውም።»

ባልና ሚስት ተያዩ። አንዱ ለሌላው ብሎ የደበቀው አንድ ዓይነት ነገር ነበር፤ በአንድ አልጋ ላይ ያን ሁሉ ጊዜ ለየብቻቸው ተሸክመውት ኖረዋል። ልጃቸው መቁረጥ ሲችል አልቆረጠም። እናቱ ያሰረችው ስለሆነ አልቆረጠም።

«አባዬ» አለች ኬዚያ፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኖ። «ሌቪም አልቆርጥም ብሎ ምሎልኛል።»

ኦባዲያ ቃሏን ሳትጨርስ ቁልቁለቱን በዚያ ዕድሜው እየሮጠ ነበር፤ እሷም ተከተለችው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ከገደሉ ላይ ሆነን አየን፤ ቃሉን ደግሞ ከኬዚያ ሰማሁት። ነፋስ ስላልነበረ የኦባዲያ ሞተር ድምፅ እስከ እኛ ይሰማ ነበር። ማዕበሉ እያንዳንዱ የቤት ጣሪያ ያህል ሆኖ ይመጣል፤ ጀልባቸው ከጀርባው ስትሰወር ሰሊና ትንፋሿን ትይዛለች፣ ብቅ ስትል ትለቃለች።

ነጣቂው በየመሐሉ ነጭ ጥርሱን ያሳይ ጀምሯል። የሌቪ ጀልባ ማዕበል በመጣ ቁጥር ልትነሣ ትሞክራለች፣ አጭሩ ገመድ ግን አፍንጫዋን ይዞ ወደ ታች ይጎትታታል። ውሃው በፊቷ በኩል ይገባል። ሌቪ በባልዲ ይቀዳል፣ ይስባል፣ እንደገና ይቀዳል።

«ከዚህ በላይ አልጠጋም» አለ ኦባዲያ። «ሦስታችንም እንቀራለን።»

ኬዚያ ከጀልባው ፊት ላይ ቆመች።

«ሌቪ! ገመዱን ቁረጠው!»

ሌቪ ቀና አለ። ሲያያት ሳቀ፤ በዚያ ቦታ ላይ ሳቀ።

«ይበጠሳል! አንድ ጊዜ ደህና አድርጌ ልሳበው ብቻ!»

«አይበጠስም! እኔ ነኝ ያሰርኩት፣ አይበጠስም! ቁረጠው!»

«ምያለሁ እኮ!»

የሚቀጥለው ማዕበል መጣ። የጀልባዋ አፍንጫ ገባና ብዙ ቆይቶ ወጣ። ባልዲው የለም። ሌቪ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሟል።

«ልክ እንደ ኤላይ» አለ ኦባዲያ ለራሱ። «አቤቱ ጌታ ሆይ፣ ልክ እንደ ኤላይ።»

ኬዚያ ይህን ስትሰማ አንድ ነገር ገባት። ልጁን የያዘው ናይለኑ ብቻ አይደለም። እሷ ራሷ ይዛዋለች። እንዲኖር ከፈለገች መልቀቅ አለባት፤ ልትለቅ የምትችለው ደግሞ በአንድ መንገድ ብቻ ነው።

«ሌቪ ቲዛርድ!» ብላ ጮኸች፤ ድምፅዋ ገደሉ ድረስ መጣ፣ እኛ ሁላችን ሰማነው። «አልፈልግህም! አልወድህም! ወድጄህም አላውቅም! ቋጠሮዬን መልስልኝ! መሐላህን አልፈልገውም፣ ቁረጠውና ወደ አሸዋህ ሂድ!»

ሌቪ ደርቆ ቀረ። በሁለቱ ጀልባዎች መሐል ውሃው ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ። ኬዚያ ትላለች፣ በዚያች ቅጽበት ያየኝን አስተያየት ስሞትም ይዤው እሞታለሁ። ባሕሩ እንኳ የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

ከዚያ ሌቪ ቢላዋውን ከወገቡ መዘዘ። በሆዱ እየተሳበ ወደ ፊት ሄደ። ማዕበል መጥቶ ሸፈነው፤ ሰሊና ዓይኗን ጨፈነች፣ እኔ አልጨፈንኩም። ውሃው ሲወርድ ሰውየው አለ፣ እጁ ይመላለሳል። ገመዱ ተስፈንጥሮ ሄደ። ጀልባዋም አንገቷ እንደተፈታ ፈረስ ቀና ብላ ተነሣች።

ግን አልዳነችም ገና። ሞተሯ ርሷል፤ መልሕቅ የላትም፤ ባሕሩ ወደ አለቱ ይነዳታል። አልጠጋም ያለው ኦባዲያ ያኔ ጀልባውን ቀጥ አድርጎ ወደ ነጣቂው ነዳ። ገመድ ወረወረ። አልደረሰም። እንደገና ወረወረ። ሌቪ ያዘው።

በሚመለሱበት መንገድ ሁሉ ሌቪ ከኋላ በምትጎተተው ጀልባ ላይ ተቀምጦ ኬዚያን ያያል፤ እሷ የጀልባውን ወለል ታያለች። አንድ ጊዜ ብቻ ኦባዲያ «ቀና በይ ልጄ፣ ሕይወት አለው» አላት። ቀና አላለችም።

መንደሩ በሙሉ መድረኩ ላይ ቆሞ ነበር። የተቆረጠው የገመድ ጫፍ ከጀልባዋ አፍንጫ ላይ ተንጠልጥሎ ሁሉም አየው።

«ቆርጦታል» አለ አንዱ። «ቆርጧታል» አለች ሌላዋ፤ ኬዚያን ማለቷ ነው። ሰው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አለ። እኛ ሰዎች ከሞት ለተረፈ ሰው ብርድ ልብስ ከመስጠታችን በፊት ልማዳችንን የምናስታውስ ነን፤ እግዜር ይቅር ይበለን።

ሰሊና ሰዉን በክርኗ ገፍታ ውሃው ውስጥ ከነቀሚሷ ገባች። የልጁን ፊት በሁለት እጇ ያዘች።

«ቆረጥከው?»

«አዎ እትዬ ሰሊና። ይቅርታ ያድርጉልኝ…»

«ይቅርታ አትበል!» አለችና ግንባሩን ሳመችው። «ይቅርታ አትበለኝ ልጄ። ቆረጥክልኝ!» ወደ እኛ ዞረች። «ወንድ ልጅ ያላችሁ ሁሉ ስሙኝ። ሲባጎውን ስታስሩለት፣ ሲቸግርህ ቁረጠው ብላችሁ ላኩት። እኔ ሳልለው ላክሁት።»

ኦባዲያ መጥቶ አቅፎ ወሰዳት። ከኤላይ ወዲህ በሰው ፊት ስታለቅስ ያየናት ያን ቀን ነው፤ የሚያስደስት ልቅሶ ነበር ብል አትፍረዱብኝ።

ኬዚያና ሌቪ በገና ማግስት ተጋቡ። ኬኩን እኔም በልቻለሁ፤ አክስት ፕሩደንስ ዳንሱን ያለ ሙዚቃ አጫዋች ጀምራዋለች። እኔ ግን የሚታየኝ ያ ቀን ነው፤ ሰዉ ተበትኖ፣ ነፋሱ ገና መነሣት ሲጀምር፣ ሌቪ የተገለበጠ ጀልባ ላይ ተቀምጦ ጥርሱ ሲንገጫገጭ። ኬዚያ ብርድ ልብስ ይዛ መጣች። ቀርባ አላለበሰችውም፤ ከፊቱ ቆመች።

«ያልሽውን ሰምቻለሁ» አላት።

«ሁሉንም?»

«ወደ አሸዋህ ሂድ ያልሽውን ጭምር።»

ባሕሩ ከኋላቸው ያጉረመርማል።

«አመንከኝ?»

«ድምፅሽን አምኜ ነበር። ፊትሽን ሳይ ግን ተውኩት። አልወድህም የምትል ሴት እንደዚያ አታለቅስም።»

«ውሸቴን እንደሆነ ካወቅህ ታዲያ ለምን ቆረጥከው?»

«እንድኖርልሽ ይህን ያህል ፈልገሽ» አለ ሌቪ፣ «እንዴት እምቢ ልበልሽ?»

ኬዚያ ብርድ ልብሱን በትከሻው ላይ ጣለች፤ እጇ ግን እዚያው ቀረ።

«በናንተ አገር» አላት ቆይቶ፣ «ገመዱን ቆርጦ ለተመለሰ ሰው ምን ይባላል?»

አሰበች። የአባቷን መንደር ሰዎች ሁሉ፣ ባሕር ላይ የቀሩትን ሁሉ አሰበች።

«ምንም አይባልም» አለችው። «ቆርጦ የተመለሰ ሰው አይተን አናውቅም።»